የግራው የኋላ ጎማ

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ሙሉውን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ለሥራ ባልደረቦቼ ግማሹን ነግሬያቸው "ወይ ጉድ!" ብለው አልፈውታል። አሁን ግን ወንድሜ አቤል ራሱ "ከፈለግሽ ጻፊው፤ እኔ የሰደብኩሽንም እንዳትረሺ" ብሎ ስለፈቀደልኝ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ትዕግሥት እባላለሁ። ኢምፔሪያል አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምኖረው ገርጂ፣ ከአባቴ ጋር ነው። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። አባቴ አቶ መኮንን ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ያሳለፈ ሰው ነው። በረሃ መሀል መኪናው ሲቆምበት ራሱ ፈትቶ፣ ራሱ ገጥሞ ይመጣ ስለነበር እኛ ቤት መኪና ጋራዥ መውሰድ እንደ ነውር ነበር የሚታየው።

ታናሽ ወንድሜ አቤል ከልጅነቱ ጀምሮ መኪና ሲባል ነፍሱን አያውቅም። ሥራ እንደያዘ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ላይ ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ጥቁር ሰማያዊ የጃፓን ስፖርት መኪና ገዛ። ያረጀች ናት፤ ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አያንስም። አባቴ መጀመሪያ "ይሄ ምን መኪና ነው፣ የጫማ ሳጥን!" ብሎ ሳቀባት። ቆይቶ ግን ጠዋት ጠዋት ሞተሯን ከፍቶ ዘይቷን ሲለካ አገኘው ጀመር። አባትና ልጅ ከዚያ በፊት እንደዚያ ተዋደው አላየሁም።

አደጋው የደረሰው ክረምት ላይ፣ በአንድ ዝናባማ እሑድ ነው። አቤል እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ከመገናኛ ወደ ኢምፔሪያል በቀለበት መንገዱ እንወርዳለን። ፊታችን ያለ ሚኒባስ ድንገት ቆመ። አቤል ፍሬን ያዘ። ከኋላ በኩል ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማ ድምፅ ሰማሁ፤ መኪናዋ ወደ ጎን ዞረች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሆስፒታሉን ኮርኒስ ነው። ትከሻዬና ጭኔ ተሰብረው ነበር።

አቤል አንድም ነገር አልሆነም። ቢሆን ይሻለው ነበር መሰለኝ። ትራፊኩ "ፍጥነት ነው" አለ። አባቴም "ፍጥነት ነው" አለ። አቤል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ፍሬኑ ከዳኝ።"

አባቴ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው ጮኸበት። "ሹፌር ፍሬን ከዳኝ አይልም! እህትህን ልትገድልብኝ ነበር። ቤቴን እንዳትረግጥ!"

አቤል አልተከራከረም። ልብሱን በአንድ ሻንጣ ይዞ አዳማ ሄደ፤ እዚያው ሥራ አገኘ። ለኔ ይደውላል። አባቴ ግን ስሙን አይጠራም፤ ለቅሶ ቤትም፣ ዕድር ላይም ሰው ስለ ልጁ ሲጠይቀው "ያ ቀበጥ" ነው የሚለው። ሁለት ክረምት እንደዚህ አለፈ።

በእነዚያ ወራት አጠገቤ የነበረው ሳምሶን ነው። ሳምሶን የአቤል የልብ ጓደኛ ነው፤ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ይኖራል፣ ቦሌ በሚገኝ አንድ ቢሮ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሆስፒታል እየተመላለሰ ሲጠይቀኝ ነው ፍቅር የጀመርነው። የተጎዳችውን መኪና አስጎትቶ የፊቷን ቆርቆሮና የፊቷን ፍሬን ያሠራልንም እሱ ነው። ከዚያ ግቢያችን ጥግ መሸፈኛ ለብሳ ተቀመጠች። ይህ ታሪክ ሲሆን ሳምሶን ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ የሠርጋችንን ወር እየመረጥን ነበር።

እኔ ግን አልዳንኩም ነበር። አጥንቴ ድኗል፤ ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ግን የፊቱን ወንበር ጨብጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንድ ቀን ረዳቱ "እህት፣ አውሮፕላን አይደለም እኮ" ሲለኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። ያን ቀን ቤት ገብቼ መሸፈኛውን ገለጥኩና መኪናዋን አየኋት። የሚያስፈራኝን ነገር በገዛ እጄ ፈትቼ ካላየሁት በስተቀር ፍርሃቱ እንደማይለቀኝ ገባኝ። የፊቱ ፍሬን ስለተሠራ የቀረው የኋላው ነው። ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ አጠናሁ። አዲስ ዲስክና አዲስ የፍሬን ሸራም ገዛሁ።

ለአባቴ ስነግረው እንጀራውን መቁረስ አቆመ።

"ያንን መኪና አትንኪው።"

"ለምን አባዬ?"

"የተቀመጠ ነገር ነው። ይቀመጥ።"

"እንሽጠው ስልህ አትሽጪው ትላለህ። ልሥራው ስልህ አትንኪው ትላለህ። ታዲያ ምን ይሁን?"

እጁን ታጥቦ ተነሳ። አባቴ የማይፈልገውን ነገር ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ ደጋግሞ፣ እስኪሰለቸን የሚናገር ሰው ነው። ያን ቀን ዝም ማለቱ ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ አያት አካባቢ ለቅሶ ሊደርስ ወጣ። እኔም ቱታዬን ለብሼ መሸፈኛውን አነሳሁ። ከመጀመሬ በፊት ለሳምሶን ደወልኩለት።

"ጀግናዬ!" አለኝ እየሳቀ። "ከየት ልትጀምሪ ነው?"

"ከኋላ።"

ሳቁ ቆመ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"የኋላውን ተይው ቲጂ። ከሰዓት ስመጣ አብረን እንፈታዋለን።"

"ለምን?"

"አይ፣ ትከሻሽ..."

"ትከሻዬ ድኗል።"

"በቃ ጠብቂኝ አልኩሽ!"

ሳምሶን እንደዚያ ቆጣ ብሎ ተናግሮኝ አያውቅም። ስልኩን ዘጋሁት። አባቴ "አትንኪው"፣ ሳምሶን "ጠብቂኝ"። የማይዋደዱ ሁለት ሰዎች እንኳ በአንድ ነገር ከተስማሙ ያጠራጥራል፤ እነዚህ ደግሞ ሁለቱም የሚወዱኝ ናቸው። ጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረግኩና መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት።

በቀኝ ጀመርኩ። ለማታውቁት ላስረዳ። ጎማው ሲወልቅ ከኋላው ክብ የሚያብረቀርቅ ብረት አለ፤ ዲስኩ ነው። መኪና የሚቆመው ሁለት ሸራዎች ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ሲጨብጡት ነው። እያንዳንዱ ሸራ አንድ ጎኑ ብረት ነው፤ ሌላኛው ጎኑ ዲስኩን እየያዘ ቀስ በቀስ የሚያልቅ ጠቆር ያለ ነገር ነው። ጥቁሩ ጎን ወደ ዲስኩ መዞር አለበት። የብረቱን ጎን ከኋላ ፒስተን የሚባል ክብ ብረት ይገፋዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

የቀኙ ምንም አልነበረበትም። ቦሎኖቹ ዝገው ስለነበር ቁልፉ ላይ ሁለት እጄን ጭኜ፣ ቁጭ ብድግ ብዬ ነው የፈታኋቸው። የነበሩትን ሸራዎች አወጣሁ፤ ሁለቱም ጥቁር ጎናቸው ወደ ዲስኩ ነበር፤ ብዙም አላለቁም። ፒስተኑ ተገፍቶ አልገባም ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። በኋላ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየተሽከረከረ እንደሚገባ ትዝ አለኝ። አዲሱን ዲስክና ሸራ ገጠምኩ። ጎማውን መልሼ ስነሳ ለራሴ ደስ አለኝ፤ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ወደ ግራ ዞርኩ።

የግራው ጎማ ሲወልቅ ከውጭ በኩል የሚታየው ዲስክ ደህና ነበር። ጎንበስ ብዬ ከውስጥ በኩል ስዳስሰው ግን ጣቴ ቦይ ውስጥ ገባ። እጄን ሳብኩና የስልኬን መብራት አበራሁ። የዲስኩ ውስጠኛ ፊት በማረሻ እንደታረሰ ሁሉ መስመር መስመር ሆኖ ተቦድሷል። የሚጨብጠውን ብረት ፈትቼ የውስጠኛውን ሸራ አወጣሁና መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት።

መጀመሪያ አልገባኝም። ጥቁሩ ጎን ምንም አላለቀም፤ እንደ አዲስ ወፍራም ነው። መሀሉ ላይ ግን ክብ ቀለበት ታትሞበታል። ቀለበቱን ከፒስተኑ አፍ ጋር አስተያየሁት፤ ልክ ነው። ሸራውን ገለበጥኩት። የብረቱ ጎን ተፍቆ፣ ግሎ፣ ወደ ሰማያዊነት ተለውጧል።

ተገልብጦ ነበር የተገጠመው። ብረቱ ወደ ዲስኩ፣ ሸራው ወደ ኋላ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያ በዝናቡ ውስጥ የሰማሁት ድምፅ እንደገና ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ፍሬኑ ከዳኝ። አቤል እውነቱን ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ አንድም ሰው አላመነውም።

ከድንጋጤው ቀጥሎ የመጣብኝ ጥያቄ "ማን ነው የገጠመው?" የሚል ነው። ወዲያው ደግሞ ሳምሶን ፊቴ ላይ መጣ።

ከአደጋው በፊት አቤል አዲስ ሸራ ሲገዛ ሳምሶን አብሮት እንደነበረ አውቃለሁ። መኪናዋን ያስጎተተው እሱ ነው። የፊቱን አሠርቶ የኋላውን እንዳይነኩት ያደረገውም እሱ ነው። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ደጋግሞ የጠየቀኝ ጥያቄም ትዝ አለኝ፤ "ከመጋጨታችሁ በፊት የሰማሽው ነገር አለ?" ያኔ የተጨነቀልኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ምን ያህል እንደማውቅ እየለካ የነበረ መሰለኝ። በየቀኑ የመጣው ስለወደደኝ ነው ወይስ ጥፋቱ እያባነነው? ሳምሶን ያሠረልኝ ቀለበት ጣቴ ላይ ነበር። በቅባት በቆሸሸ እጄ አወለቅኩትና ኪሴ ከተትኩት።

ከሰዓት እመጣለሁ ያለው ሳምሶን ወዲያው መጣ። የግቢውን በር ከፍቶ ሲገባ እያለከለከ ነበር። ጎማው ወልቆ፣ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ሸራው ጨርቅ ላይ ተቀምጦ አየ። ልብ በሉ፤ "ምንድን ነው?" ብሎ አልጠየቀም። "ምን ሆነሽ?" አላለም። ዓይኑን ከሸራው ላይ አንስቶ ወደ ቤቱ በር ተመለከተ።

"ጋሽ መኮንን የሉም አይደል?" አለ።

"ታውቅ ነበር" አልኩት።

"ቲጂ..."

"ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?"

"አውቅ ነበር።" ድምፁ ተሰበረ። "መኪናዋን ያስጎተትኩ ቀን ከሥር ጎንበስ ብዬ አይቼዋለሁ።"

"አንተ ነህ የገጠምከው?"

"እኔ? እኔ ጎማ መቀየር እንኳ አልችልም፤ ታውቂያለሽ።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"ልነግርሽ አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።"

"ለማን?"

"ለአቤል። ያየሁትን የነገርኩት ለእሱ ነው።"

ስልኬን አነሳሁና አቤል ጋ ደወልኩ። ሳምሶንም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። አቤል "እህት ዓለም!" ብሎ በደስታ አነሳው።

"አቤል፣ የግራውን የኋላ ጎማ ፈትቼዋለሁ።"

ከኋላው የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል።

"የውስጡ ሸራ ተገልብጧል። ማን ነው የገጠመው?"

"እኔ ነኝ" አለ።

"አንተ?"

"አዎ። ቸኩዬ ነበር። በቃ፣ የኔ ጥፋት ነው። አዲሱን ግጠሚና ያንን ጣይው።"

ልቀበለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። መልሱ ቀላል ነው፤ ሁሉንም ነገር ይዘጋል። ግን ፈጠነ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅኩትን ጥያቄ አስቀድሞ በተዘጋጀ መልስ መለሰልኝ። ያን ሳምንት ለማስታወስ ሞከርኩ። ከአደጋው በፊት የነበረውን ሳምንት፣ አልጋ ላይ ተኝቼ ስንት ጊዜ እንደከለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

"አቤል፣ ያን ሳምንት ሐዋሳ ነበርክ። ለሥራ ሄደህ ቅዳሜ ማታ ነው የተመለስከው። እሑድ ጠዋት ወጣን። መቼ ገጠምከው?"

"ከመሄዴ በፊት..."

"ከመሄድህ በፊት መኪናዋን ትነዳት ነበር፤ አትጮህም ነበር። እሑድ ገና ከግቢ ስንወጣ ጮኸች። መስኮቱን ዝቅ አድርገህ ለአባዬ የሆነ ነገር..."

አረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። አቤል በሌለበት ግቢው ውስጥ የነበርነው እኔና አባዬ ነን። እኔ ደግሞ ያኔ ክሪክ በየት በኩል እንደሚነሳ አላውቅም ነበር።

"ቲጂ" አለ አቤል፣ በጣም ቀስ ብሎ። "ያኔ ዓይኑን ታሞ ነበር እኮ።"

እውነት ነው። አባቴ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ነበር። እኛ ያወቅነው ግን ከአደጋው ብዙ ቆይቶ፣ ደረጃ ስቶ ሲወድቅ ነው። ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት አየ። ከዚያ በፊት ግን ለካ ሲደብቀን ነው የኖረው። ልጁ ሐዋሳ ሳለ ሊያስደስተው ብሎ፣ የተገዛውን ሸራ በማያይ ዓይኑ፣ በዳበሳ ገጠመለት።

"ለምን አልተናገርክም?" አልኩት። እያለቀስኩ ነበር።

"ምን ብዬ? ልጅህን ሆስፒታል ያስገባሃት አንተ ነህ ልበለው? አንቺ ያኔ ትተርፊ አትተርፊ አልታወቀም ነበር። እኔን ሲሰድበኝ ቢያንስ ቆሞ ነበር። ይሄን ቢሰማ ይወድቃል ብዬ ነው። አሁንም አትነግሪውም። ማይልኝ።"

ሳምሶን አጠገቤ ተንበረከከ። "አዲሱን እንግጠምና ይሄን ወስጄ ልጣለው" አለኝ። "አንቺም አላየሽም፣ እሳቸውም አላወቁም። ሁለት ዓመት አልፎታል እኮ ቲጂ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እጄ ወደ ጨርቁ ሄዶ ነበር። ሸራውን መጠቅለል ጀምሬ ነበር። የግቢው በር ሲከፈት ሳምሶን ቀድሞኝ ተነሳ።

አባቴ ነው። ለቅሶ ቤቱን ቶሎ ብሎ ተሰናብቶ መጥቷል። የጠቆረ ጋቢውን ክንዱ ላይ አድርጎ በሩ ጋ ቆመ። ስልኩን ዘጋሁት።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሽ መኮንን" አለ ሳምሶን። "እንዲሁ ትንሽ እየነካካን..."

አባቴ ቀስ ብሎ መጥቶ ጎንበስ አለና ጨርቁን ገለጠ። ሸራውን አንስቶ ገለበጠው። አውራ ጣቱን የተቦደሰው ብረት ላይ አስኬደው። ገለበጠውና የቀለበቱን ምልክት አየ። ዕድሜ ልኩን ፍሬን የፈታ ሰው ነው፤ ምንም ማስረዳት አላስፈለገም።

"የየትኛው ነው?" አለ።

"የግራው።"

"አቤል ነው የገጠመው?"

እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የምትመጣብኝ ጥያቄ ይህቺ ናት። ዓይኖቹ እኔ ላይ ነበሩ። እየለመነኝ ይሁን እየፈተነኝ አላውቅም። "አዎ" ብል ሁሉም ባለበት ይቀጥላል። አባቴ ንጹሕ፣ ወንድሜ ቀበጥ፣ እኔ ሙሽራ።

"አይደለም አባዬ" አልኩት። "አቤል ሐዋሳ ነበር።"

የወለቀው ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጋቢው መሬት ላይ ወደቀ፤ አላነሳውም። ሳምሶን ውሃ ሊያመጣለት ወደ ቤት ሮጠ።

"እሑድ ሲወጡ መስኮቱን ከፈተና፣ አባዬ ይጮሃል እኮ አለኝ" አለ አባቴ። ለኔ የሚነግር አይመስልም። "አዲስ ሸራ ነው፣ እስኪላመድ ነው፣ ሂድ አልኩት። ሂድ አልኩት።"

"አላየህም ነበር። ዓይንህን ታመህ ነበር።"

"አላውቅም ነበር ልበልሽ?" ቀና ብሎ አየኝ። "አላወቅኩም። ግን ፈርቼ ነበር። ልጁ ፍሬኑ ከዳኝ ባለ ቁጥር ሆዴ ይፈራ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ጥግ አላለፍኩም። ሰው የሚፈራውን ነገር ገልጦ ማየት ይችላል፤ እኔ መሸፈኛ ገዛሁለት።"

አባቴ ለወንድሜ ሲደውልለት እኔ አጠገቡ አልነበርኩም። ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋ። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም፤ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ አቤል ከአዳማ መጣ። በር የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ አቅፎኝ ያለቅሳል ብዬ ነበር። ቆሞ አፈጠጠብኝ።

"አንቺ ሁሉንም ነገር ማይክሮስኮፕ ሥር ካላደረግሽ እንቅልፍ አይወስድሽም አይደል?" አለኝ። "ሁለት ዓመት ከቤቴ ተሰድጄ የጠበቅኩትን ነገር በአንድ ጠዋት አፈረስሽው። ማን ጠየቀሽ? ደንቆሮ!"

"ውሸት ነው የጠበቅከው።"

"አባቴን ነው የጠበቅኩት!"

አባቴ ከውስጥ ወጣ። ባንድ ሌሊት የሸመገለ መስሎ ነበር። አቤል ሲያየው ቁጣው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። አባቴ ወደ እግሩ ዝቅ ሊል ሲል አቤል ሮጦ በሁለት እጁ ያዘው።

"ኧረ አባዬ! ኧረ በማርያም!"

"ልጄ፣ አባረርኩህ።"

"አውቃለሁ። ተነስ በቃ።"

"በሰው ፊት ሰደብኩህ።"

"አውቃለሁ አባዬ። ተነስልኝ።"

ሁለቱም ሲያለቅሱ እኔ ወደ መኪናዋ ሄጄ ቆምኩ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። ቆይተው መጡ። አቤል እጅጌውን ሰበሰበና "በይ፣ የጀመርሽውን ጨርሺ" አለኝ፤ ገና አኩርፏል። አዲሱን ዲስክ ገጠምን። የውስጠኛውን ሸራ ከማስገባቴ በፊት አነሳሁትና ለአባቴ ዘረጋሁለት።

"አባዬ፣ እይልኝ እስቲ።"

ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው። ብዙ አየው። ከዚያ ጥቁሩን ጎን ወደ ዲስኩ አዙሮ መልሶ ሰጠኝና "እንደዚህ" አለ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ቀስ ብለን በኮብልስቶኑ ላይ አወጣናት። መጀመሪያ አቤል ነዳ። ከዚያ እኔ ተቀመጥኩ። ፍሬኑን ስረግጠው ከሥር ያለው እያንዳንዱ ቁራጭ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። ቆመች። ያለ ምንም ድምፅ ቆመች። እንደገና ነዳኋት፤ እንደገና ቆመች።

ታዲያ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ወይ? አልተስተካከለም። አቤል ገርጂ አልተመለሰም። "ይቅር ብያለሁ፤ ግን አዳማ የራሴ ቤት አለኝ አሁን" ነው የሚለው። ሰው ሁለት ዓመት ብቻውን ከኖረበት ቦታ እንዲሁ ተነቅሎ አይመጣም። አባቴም እንደ ድሮው በጠዋት ተነስቶ የሚያዝዝ ሰው አይደለም፤ መሪ አይጨብጥም፣ ብዙም አይናገርም።

ከሳምሶን ጋር ሠርጉን ገፋነው። ቃሉን ጠበቀ፤ ለወንድሜ ታማኝ ሆነ፤ ይህን አልክድም። ግን የአካሌን ስብራት ምክንያት እያወቀ በየቀኑ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ሙዝ ይልጥልኝ ነበር። ቀለበቱን መልሼ ለማድረግ ወራት ፈጀብኝ። አሁን አድርጌዋለሁ። አሁንም ግን ስልክ ይዞ ወደ በረንዳ ሲወጣ፣ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ ጆሮዬ ይቆማል። እሱም ያውቃል፤ ተመልሶ መጥቶ ማን እንደደወለ ሳልጠይቀው ይነግረኛል። እንደዚህ ነው የምንኖረው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ "ዝም ብትይ ምን ነበረበት?" እንደምትሉኝ እገምታለሁ። ወንድሜም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይለኝ ነበር። ሦስት የሚወዱኝ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ለአባቱ ብሎ፣ አንዱ ለጓደኛው ብሎ፣ አንዱ ለራሱ ፈርቶ ዝም አሉ። ሁሉም ምክንያት ነበራቸው፤ ሁሉም ዝምታ እኔ ትከሻ ላይ ተጫነ። እኔ አራተኛ ሆኜ መግባት አልቻልኩም።

የአቤልን ሐሳብ የለወጠው ግን የኔ ክርክር አይደለም። ከዚያ እሑድ በኋላ በመጣው የዕድር ስብሰባ ላይ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ አባቴ እጁን አወጣ። ዳኛው የመዋጮ ጉዳይ ሊያነሳ መስሎት ዕድል ሰጠው። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

"ስለ ልጄ ስለ አቤል ለሁላችሁም የነገርኳችሁ ነገር ሐሰት ነበር" አለ። "ልጄ ቀበጥ አይደለም። ፍሬኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም ነበር፤ ደብቄያችሁ ነው። እሱ እያወቀ የኔን ስም ጠብቆ ተሰደደ። እንዳወራሁት ሁሉ እናንተም አውሩልኝ።"

ተቀመጠ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ከኋላ በኩል እልል አሉ። ዳኛው ሊያስቆማቸው እጁን አንስቶ ነበር፤ ተወው።

አቤል ይህን የሰማው ከኔ አይደለም፤ ከጎረቤት ነው። በዚያው ዕለት ደወለልኝ። "ቲጂ፣ ኮፍያውን አውልቆ ነው አሉ፤ እውነት ነው?" አለኝ።

"እውነት ነው" አልኩት።